የተቀቡ

እኔ ይማም ሙሄ፣ የቀድሞው ረዳት፣
ሐረጎ ዳገት ላይ ታኮ ጎማ ሥር ስከት
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከጭስ ኋላ የኖርኩ፣
ዘንድሮ ኮምቦልቻ አይጥ መጋቢ ሆኜ ተቀጠርኩ።

ክፍሉ ይሞቃል፤ ቆጣሪው ሃያ ሁለት ዲግሪ ይላል፣
መብራቱ በራሱ ያመሻል፣ ያነጋል።
ለልጆቼ እንኳን በወጉ ያልሞላሁትን ቀለብ
ለእነዚህ ነጫጮች በግራም መዝኜ ስመግብ
ይገርመኛል።

ዶክተር ሰዓዳ አንድ ቀን ማንኪያና ብልቃጥ ሰጥታ
«ጥላሸት አምጣልኝ» አለች፣ በጠዋቱ ገብታ።
«ከየት?» ብዬ ሳቅኩ።
ቦርከና መሀል ቆሞ ውኃ ወዴት ነው እንደማለት!
አሊጋዝ ጋራዥ ሄድኩ፤ ሦስት ተሳቢ ቆሞበት፣
የአንደኛው ማርሚታ ገና ትኩስ ነበር።
እጄን እስከ ክርኔ ሰድጄ ፋቅኩለት።
እንደ ቆየ ጓደኛ ፊቴ ላይ ተነፈሰ፣
ብልቃጧ ሳትሞላ ሸሚዜን ጨረሰ።

ጋሽ ይመር ትዝ አለኝ፣ ያሠለጠነኝ ሾፌር፤
መኪናው ሐረጎን ሲያቃስት ሲወጣ እንዲህ ይል ነበር፦
«ጭሱ የጠቆረ እንደሆን፣ ጉልበት አለው ማለት ነው።»
ኋላ ደሴ ሆስፒታል፣ ጦሳን በመስኮት እያየ፣
«ሳል ነው» አለኝ። «የደሴ ብርድ ነው።»
ብርድ አልነበረም።

መቀባት እኛ ዘንድ የክብር ነበር፦
ሙሽራ ሒና፣ አራስ ቅቤ፣ ንጉሥ ቅባት።
እነዚህ ግን ጀርባቸው ተላጭቶ፣ በሳምንት ሁለት ጠዋት፣
ጥላሸት በአሴቶን ተበጥብጦ፣ በቀጭን ብሩሽ።
ሠላሳ ሣጥን ይቀባል። ሠላሳው አሴቶን ብቻ፤
የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ በዕድሜም በሚዛንም አቻ።

«ያልተቀቡት ለምን ናቸው?» ብዬ ጠየቅኩ።
«ማነፃፀሪያ ናቸው፣ ይማም። ጥላሸት ባንቀባቸው
ምን ይሆኑ እንደነበር የምናይባቸው።»

በሃያ ሦስተኛው ሳምንት፣ አሥራ ሰባት ቁጥር ጀርባ ላይ
ምስር የምታህል ነገር ወጣች።
ቀድሜ ያየኋት እኔ ነኝ፣ ውኃ ልቀይር ገብቼ።
ግማሽ ቀን ዝም አልኩ። ባልናገር የምትጠፋ መስሎኝ።
ዶክተሯ መጣች፣ ጎንበስ ብላ ለካች፣
ሁለት ሚሊ ሜትር ብላ ጻፈች።
ደስ አላት? ከፋት? አፏን የሸፈነው ጨርቅ
ነገሩን ይዞት ቀረ፤ ዓይኗ ብቻ አረፈ ሩቅ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ያብሰለስለኛል፤
የጋሽ ይመር መንታ፣ ያልተቀባው፣ የት ይገኛል?
ሐረጎን ሳይወጣ ያረጀ፣ መስጊድ ደጅ ፀሐይ የሚሞቅ፣
ደረቱ የማያፏጭ፣ ሳቁ ሳል ሳያቋርጠው የሚዘልቅ?
የኔስ? ጥፍሩ የነጣው ይማም በየትኛው ሣጥን ነው?
መናኸሪያ በር ሙዝ የምትሸጠው ጦይባስ፣ መንታዋ ማን ነው?
ኮምቦልቻ አንድ ናት። ሌላ፣ ያልተቀባች ኮምቦልቻ
መዝገባችን ላይ የለችም።

ማታ ተሳቢዎቹ ማርሽ ሲቀይሩ እዚህ ድረስ ይሰማል፤
ስድሳው ሣጥን ሁሉ ጆሮውን ያቆማል።
ጣቴን በሽቦው ሰደድኩ። አሥራ ሰባት መጣ፣
ጥፍሬን አሸተተ፣ ቆየ።
የሚያውቀው ሽታ መሰለኝ። ላሰኝ።

መዝገቡን ከፈትኩ። «ሣጥን አሥራ ሰባት፦ በልቷል፣ ጠጥቷል፣
ክብደት ሠላሳ አንድ ግራም።»
የመጋቢው ሳል የሚሞላበት ዓምድ የለም።
እኔም አልጨመርኩም።
መብራቱ በራሱ አመሸ።